አጋታ ክሪስቲ ሙያዋን የተማረችው መድኃኒት መቀመሚያ ክፍል ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ እንግሊዛዊቷ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ ስለ አጋታ ክሪስቲ ሕይወት ያወጣችሁት ጽሑፍ ደስ ያሰኛል። ቅሬታዬ በገጹ አከፋፈል ላይ ነው። ከጽሑፉ እኩሌታ በላይ የሆነውን የያዘው ደራሲዋ ለአስራ አንድ ቀን ጠፋች የሚለው ወሬ ነው፤ የተረፈው ደግሞ ስንት መጽሐፍ እንደተሸጠላት ይቆጥራል። መጽሐፎቹ እንዴት እንደተሠሩና ሴትየዋ ያን ጥበብ ከየት እንዳገኘችው አንድ አንቀጽ እንኳ አልደረሰውም። መድኃኒት መቀመም የሚያውቅ ሰው ጽሑፉን ቢያነብ ዋናው ነገር እንደተዘለለ ወዲያው ይታየዋል። የጎደለውን ልሙላ። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የአስራ አንዱን ቀን ነገር በአጭሩ ልጨርሰው። በ1926 ኤፕሪል ላይ እናቷ ሞቱ፤ በዚያው ዓመት ባሏ ሌላ ሴት መውደዱን ነገራት። ዲሴምበር 3 ማታ በርክሻየር፣ ሳኒንግዴል ከሚገኘው ቤቷ በመኪና ወጣች። መኪናዋ በማግስቱ ጊልድፎርድ አጠገብ ኒውላንድስ ኮርነር በሚባል ቦታ ተገኘ፤ እሷ ግን የለችም። ዲሴምበር 14 በሰሜን እንግሊዝ፣ ሃሮጌት ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ተገኘች። የተመዘገበችው በባሏ ወዳጅ የቤተሰብ ስም ነበር። የሼርሎክ ሆልምስ ፈጣሪ አርተር ኮናን ዶይል ሳይቀር አንድ ጓንቷን ወስዶ ለመናፍስት ጠሪ አሳይቷል። በ1928 ተፋቱ። ራሷ በጻፈችው የሕይወት ታሪክ ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ከዚህ ያለፈው ሁሉ ግምት ነው፤ በግምት ላይ ደግሞ ብዙ ቀለም ፈስሷል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። አጋታ ሚለር ሴፕቴምበር 15 ቀን 1890 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው ቶርኪ ተወለደች። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሳ በዚያችው ከተማ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የቁስለኞች ሆስፒታል ሆነ፤ እሷም በበጎ ፈቃድ ነርስነት ገባች። ከነርስነቱ ወደ መድኃኒት መቀመሚያው ክፍል ተዛወረች። የብሪታንያ ቀይ መስቀል መዝገብ እንደሚያሳየው ከ1914 እስከ 1918 በድምሩ 3,400 ሰዓት ሠርታለች። መጀመሪያ ያለ ክፍያ፣ በኋላ በዓመት 16 ፓውንድ። በ1917 የለንደኑን የመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ፈተና አለፈች።

በዚያ ዘመን መድኃኒት ቅመማ እንደ ዛሬው የታሸገ ክኒን ከመደርደሪያ አንስቶ መስጠት አልነበረም። ሐኪሙ የጻፈውን ቀማሚው ከጥሬው ይሠራዋል። ዱቄቱን ይመዝናል፣ ይወቅጣል፣ ያሟሟል፣ በጠርሙስ ይሞላል፣ ወረቀት ለጥፎ ስሙንና አወሳሰዱን ይጽፋል። አንድን ቅመም ከሌላው ጋር ማገናኘት ምን እንደሚያስከትል ማወቅ የዕለት ተዕለት ግዴታው ነው። መድኃኒትና መርዝ አንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ፤ ብዙ ጊዜም አንድ ጠርሙስ ውስጥ ያለ አንድ ነገር ናቸው፤ ልዩነታቸው በሚዛኑ ላይ ነው። ጸጥ ያለ ቀን ሲያጋጥም ደግሞ ሥራ የለም፤ ቁጭ ብሎ መደርደሪያውን ማየት ነው። የመጀመሪያው የመርማሪ ልብ ወለዷ ሐሳብ የመጣላት እንዲህ ባለው ሰዓት እንደነበር ራሷ ጽፋለች።

ለፈተናው ስትዘጋጅ የገጠሟት ሁለት ነገሮች መጽሐፎቿን ለሚያነብ ሰው ቁልፍ ናቸው ባይ ነኝ።

አንደኛው የማርሽ ምርመራ ነው። ጄምስ ማርሽ የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት በ1836 ይፋ ያደረገው ይህ ዘዴ አርሴኒክን ከምግብም ከሬሳም ውስጥ ያወጣል። የሚመረመረው ነገር ከዚንክና ከአሲድ ጋር ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። ዚንኩና አሲዱ ሃይድሮጅን ያመነጫሉ፤ አርሴኒክ ካለ ከሃይድሮጅኑ ጋር ተዋህዶ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ጋዙን በቀጭን ቱቦ አውጥተው ያቀጣጥሉታል፤ ነበልባሉ ላይ ቀዝቃዛ የሸክላ ሳህን ሲያስጠጉ አርሴኒኩ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ጥቁር እድፍ ሆኖ ይለጠፋል። አደጋው ከማቀጣጠሉ በፊት ነው። በብልቃጡ ውስጥ የነበረው አየር ተገፍቶ ሳይወጣ እሳት ከቀረበ ሃይድሮጅንና አየር ተቀላቅለዋልና ይፈነዳል። አጋታና የሥራ ጓደኛዋ ምርመራውን የተለማመዱት በመስታወት የቡና ማፍያ ነበር፤ ማፍያው ፈነዳ።

ሁለተኛው የአስርዮሽ ነጥብ ነው። ከአንድ የከተማው መድኃኒት ቤት ባለቤት ዘንድ ልምምድ ትወስድ ነበር። ሰውየው በሜትሪክ መለኪያ የሚመካ፣ በራሱ የሚተማመን ሰው ነው። አንድ ቀን በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒት ሲሠራ ነጥቡን አንድ ቤት አሳስቶ መርዛማውን ቅመም አስር እጥፍ አደረገው። በእንግሊዝ የቀድሞ መለኪያዎች ማሳሳት ብዙ ጊዜ ትንሽ ልዩነት ያመጣል፤ በአስርዮሽ ግን ስህተት ሲመጣ ከነዘመዶቹ ነው። ተለማማጅዋ ስህተቱን አየች። ብትናገረው እንደማይቀበላት ገባት። ስለዚህ የተደናቀፈች መስላ ገበታውን ገለበጠችው፣ የወደቁትንም ደህና አድርጋ ረገጠቻቸው፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ ሰውየውም እንደገና ሠራ። ይኸው ሰው ከኪሱ ኩራሬ የተባለውን የቀስት መርዝ አውጥቶ አሳይቷታል። ለምን ይዞት እንደሚዞር ሲነግራትም «ኃይለኛ የሆንኩ ስለሚመስለኝ ነው» አላት። ከአርባ ዓመት በላይ ቆይታ በ1961 «ሐመር ፈረስ»ን ስትጽፍ ያስታወሰችው ይህን ሰው ነው።

ከዚህ በኋላ በመጽሐፎቿ ውስጥ ገዳዩ ለምን ብዙ ጊዜ የተከበረ፣ ደግ፣ በሥራው የሚታመን ሰው እንደሚሆን መጠየቅ አያስፈልግም። ነጭ ጋውን ለብሶ የሚመዝነውን ሰው ሁሉም ያምነዋል። እሷ ግን እጁን ታይ ነበር።

የመጀመሪያው መጽሐፏ ስታይልስ በተባለ የገጠር ቤት ውስጥ የሚፈጸም ግድያን ይተርካል። በ1916 የተጻፈ ሲሆን፣ ከአንድ በላይ አሳታሚ ከመለሰው በኋላ አሜሪካ ውስጥ በ1920፣ እንግሊዝ ውስጥ በ1921 ወጣ። የግድያው ዘዴ ከመድኃኒት ቅመማ መማሪያ ገጽ የወጣ ነው። (ገዳዩን አልናገርም፤ ዘዴውን ግን ማብራራት ግድ ይላል። መጽሐፉን ገና ያላነበበ ሰው ወደሚቀጥለው አንቀጽ ይለፍ።) ስትሪክኒን በዚያን ጊዜ ሰውነት ማበርቻ ተብሎ እጅግ በትንሽ መጠን በፈሳሽ መድኃኒት ይገባ ነበር። ብሮማይድ ደግሞ የማስተኛ መድኃኒት ነው። ሁለቱም ለየብቻ በሐኪም ይታዘዛሉ። ጣጣው አንድ ጠርሙስ ውስጥ ሲገናኙ ነው። ውሃው ውስጥ የሟሟው የስትሪክኒን ጨው ብዙ ብሮማይድ ሲያገኝ በቀላሉ ወደማይሟሟ ጨው ይለወጥና በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጥቃቅን፣ ጥርት ያለ ክሪስታል ሆኖ ይዘቅጣል። ከላይ ያለውን በማንኪያ የሚጠጣ በሽተኛ ለቀናት ከታዘዘለት ያነሰ ይወስዳል። መርዙ ሁሉ ከታች ተጠራቅሞ የመጨረሻዋን ማንኪያ ይጠብቃል። የዘመኑ የቅመማ መማሪያዎች ይህን ለማስጠንቀቂያ ያነሱት ነበር። ጠርሙስ ላይ «ነቅንቀው ይጠጡ» ተብሎ የሚጻፈውም አለምክንያት አይደለም።

አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባው ግን ከኬሚስትሪው በላይ ዘዴው ለድርሰቱ የሠራውን ሥራ ነው። ሽጉጥ ሲተኮስ ሰዓቱ ይታወቃል፣ ድምፁ ይሰማል፣ ተኳሹም በቦታው ነበረ ማለት ነው። የሚዘቅጥ መርዝ ግን ገዳዩንና ሞቱን በቀናት ያለያያቸዋል። ሟቹ ራሱ በገዛ እጁ ይቀዳል። መርማሪው «በዚያች ሌሊት የት ነበርክ?» ብሎ የሚጠይቀው ጥያቄ ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ ትክክለኛው ጥያቄ ጠርሙሱ ከሞላበት ቀን ጀምሮ ማን ነካው የሚለው ነው። ስለ ሽጉጥ ብዙም እንደማታውቅ እሷው ተናግራለች። እኔ ግን ምርጫው ከዕውቀት ማነስ ብቻ የመጣ አይመስለኝም። መርዝ ለደራሲ ጊዜ ይሰጣል፤ ጊዜ ደግሞ የዚህ ዓይነት ልብ ወለድ ዋና ጥሬ ዕቃው ነው። ስለ መጽሐፉ ከተጻፉት ምስጋናዎች ሁሉ ያስደሰታት የእንግሊዝ የመድኃኒት ቀማሚዎች ሙያ መጽሔት ያቀረበላት ነበር፤ መጽሔቱ ያደነቀው መርዙ በትክክል መጻፉን ነው።

ሌላው ከመድኃኒት ቤት የወጣ መሣሪያ የመርዝ መዝገቡ ነው። እንግሊዝ በ1851 ባወጣችው የአርሴኒክ ሕግ መሠረት ገዢው ለሻጩ የታወቀ ሰው መሆን፣ ስሙ፣ አድራሻውና የሚገዛበት ምክንያት በመዝገብ ሰፍሮ መፈረም ነበረበት። በጥቂቱ የሚሸጠው አርሴኒክም ከዱቄትና ከስኳር ጋር እንዳይምታታ በጥላሸት ወይም በሰማያዊ ቀለም እንዲቀላቀል ታዘዘ። በ1868 የወጣው ሕግ ስትሪክኒንንና ሌሎችንም መርዞች ወደ መዝገቡ አስገባ። ለተራ አንባቢ ይህ የወረቀት ሥራ ነው። ለእሷ ግን መዝገቡ ላይ ያለ ፊርማ ሁለት ነገር ነው፦ ማስረጃም፣ የሐሰት ማስረጃ መፈብረኪያም። ሻጩ የታወቀ ሰው ነው ያለው ጢሙንና መነጽሩን አይቶ ከሆነ፣ ጢምና መነጽር ማንም ሊያደርግ ይችላል።

በ1940 ባሳተመችው «ሐዘንተኛው ጥድ» ደግሞ ነገሩ ሁሉ በተቀደደ ወረቀት ላይ ይንጠለጠላል። ወለሉ ላይ የመድኃኒት ወረቀት ቁራጭ ይገኛል፤ የቀሩት ፊደሎች ሞርፊን ይላሉ። ፖሊስም ጠበቃም እንደዚያው አነበቡት። በብዙ መጽሐፎቿ የሚመላለሰው መርማሪ ፖይሮ ግን የመጀመሪያዋ ፊደል በትንሹ የላቲን ፊደል መጻፏን አየ። በእንግሊዝ መድኃኒት ቤት ወረቀት ላይ የመድኃኒት ስም በትልቁ ፊደል ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ከፊቷ የተቀደዱ ፊደሎች ነበሩ፤ ቃሉ አፖሞርፊን ነው። አፖሞርፊን ደግሞ ከሞርፊን ቢሠራም ዋና ጠባዩ ማስታወክ ነው። ይህን ፍንጭ ማሰብ የሚችለው እንዲህ ያሉ ወረቀቶችን በቀን ብዙ ጊዜ ሲለጥፍ የዋለ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ወደ ሙያው ውስጠኛ ክፍል እንግባ፤ ፍንጭ እንዴት ይደበቃል? ሕጉ አንባቢው መርማሪው ያየውን ሁሉ ማየት አለበት ይላል። በ1930 እንግሊዝ ውስጥ የተመሠረተው የመርማሪ ልብ ወለድ ደራሲዎች ክበብ አባላቱን በዚህ ያስምል ነበር፤ ክሪስቲም ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ ሞተችበት ድረስ ፕሬዚዳንቱ ነበረች። ስለዚህ ፍንጩን መንፈግ አይቻልም፤ የሚቻለው ዓይን ማዘናጋት ነው። የእሷን መጽሐፎች ሁለተኛ ጊዜ እርሳስ ይዞ ያነበበ ሰው ተደጋጋሚ መደበቂያዎችን ያገኛል። አንዱ ዝርዝር ነው፤ በክፍሉ ውስጥ ያሉ ሰባት ስምንት ዕቃዎች ሲቆጠሩ የሚያስፈልገው መሐል ላይ ይገባል፣ የመጨረሻው ደግሞ ዓይን የሚስብ ይሆናል። ሌላው ማንም የማይሰማው ሰው አፍ ነው፤ ለፍላፊዋ አክስት፣ አገልጋይዋ፣ ልጁ እውነቱን በግልጽ ይናገራሉ፣ ሌሎቹ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ፣ አንባቢም አብሮ ይላል። ሦስተኛው፣ እኔ ከሁሉ የማደንቀው፣ ጠባይ ውስጥ መደበቅ ነው። ፖይሮ ሥርዓት ወዳድ ነው፤ የተዛነፈ ዕቃ ባየ ቁጥር ያስተካክላል፤ አንባቢም ይህን እንደ ቀልድ ይለምደዋል። በመጀመሪያው መጽሐፍ ውስጥ የምድጃው መደርደሪያ ላይ ያሉትን ጌጦች ሲያስተካክል እጁ ይንቀጠቀጣል። ጓደኛው ሄስቲንግስ ያየውን ይነግረናል፣ እናልፈዋለን። ቆይቶ ግን ፖይሮ እነዚያን ጌጦች ጠዋት አስተካክሏቸው እንደነበር ትዝ ይለዋል። አንድ ጊዜ የተስተካከለ ነገር ራሱን አያዛንፍም፤ በመሐሉ እጅ ገብቷል ማለት ነው።

ዛሬ ይህን ዓይነት ልብ ወለድ ለመጻፍ የሚሞክሩ ሰዎች የሚወድቁት ብዙውን ጊዜ እዚሁ ነው። ፍንጩን ለብቻው ያቆሙታል። አንቀጹ የተጻፈው ለፍንጩ ብቻ ስለሆነ አንባቢው ለምን ይህ ተነገረኝ ብሎ ይጠይቅና ያገኘዋል። ክሪስቲ ግን እያንዳንዱን ፍንጭ ሌላ ሥራም ታሠራዋለች፤ ያስቃል፣ ጠባይ ያሳያል፣ ቤቱን ይስላል። ሥራ ያለው ዓረፍተ ነገር አያስጠረጥርም።

እንዴት ታቅድ እንደነበር ደግሞ ማስታወሻ ደብተሮቿ ይመሰክራሉ። 73 ያህሉ ተርፈዋል። ሰው እንደሚያስበው በቅደም ተከተል የተጻፉ አይደሉም። አንዱ ደብተር ለብዙ መጽሐፍ፣ አንዱ መጽሐፍ በብዙ ደብተር ተበትኗል፤ አብዛኛው ቀን የለውም፤ መሐል መሐሉ ላይ የሚገዙ ዕቃዎች ዝርዝር አለ። አሠራሩ ግን ይታያል። ትዕይንቶቹን በአጭሩ እየጻፈች ለእያንዳንዱ የፊደል ምልክት ትሰጣለች፤ ከዚያ ፊደሎቹን እያቀያየረች የትኛው ከየትኛው በፊት ቢመጣ ይሻላል ትላለች። ገዳዩም እስከ መጨረሻው አይጸናም፤ አንዳንድ ደብተር ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ተፈትኖ ተጥሏል። ጀማሪ ደራሲ ከሷ አንድ ነገር ልውሰድ ቢል ይህን ይውሰድ፤ ምዕራፍ አንድን ከማሳመር በፊት ትዕይንቶቹን በቁራጭ ወረቀት ላይ ማንቀሳቀስ።

ስህተት አልነበረባትም ማለት አይደለም። በ1935 «ሞት በደመና ውስጥ» በተባለው መጽሐፏ አውሮፕላን ላይ የምትሞት ሴት አለች፤ መርዙ ቡምስላንግ ከሚባለው የአፍሪካ ዛፍ እባብ የተወሰደ ነው። የዚህ እባብ መርዝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ዓይነት ሆኖ ሥራውን የሚሠራው ቀስ ብሎ ነው። በ1957 ቺካጎ ውስጥ አንድ የእባብ ተመራማሪ በዚህ እባብ ተነክሶ ሕይወቱ ያለፈው በማግስቱ ነበር። በበረራ ሰዓት ውስጥ ጭጭ የሚያደርግ አይደለም። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ያለው የቀስት መንፊያ ቱቦም እውነተኛው ሰው የሚያህል ርዝመት ሲኖረው እሷ አሳጥራዋለች። ይህን ስህተቷን ግን ዋጠችው እንጂ አልደበቀችውም፤ በ1952 መጽሐፏ ውስጥ ደራሲዋ ወይዘሮ ኦሊቨር የተባለችው ገጸ ባሕርይ ስለ ቱቦው ርዝመት በራሷ ላይ ስታሾፍ እናገኛታለን። ሌላው የፖይሮ ዕድሜ ነው። በ1916 ጡረታ የወጣ ፖሊስ አድርጋ ፈጠረችው፤ መጽሐፎቹ እስከ 1975 ቀጠሉ። ሒሳቡን የሠራ ሰው መርማሪውን ከመቶ ዓመት በላይ ያገኘዋል። ከጅምሩ ወጣት ባደርገው ኖሮ ስትል ተጸጽታበታለች። በሰባዎቹ መጀመሪያ የወጡት የመጨረሻዎቹ ልብ ወለዶቿም ቀኖቻቸውና ሰዎቻቸው የተምታቱ፣ ቃላቸው የሳሳ ነው፤ የአድናቂ ዓይን ካልሆነ በቀር ደህና ናቸው አይልም።

ከነዚህ የከበደ ነቀፌታም አለ። በ1920ዎቹና በ30ዎቹ በጻፈቻቸው መጽሐፎች ውስጥ ስለ አይሁዶችና ስለ ጥቁሮች የገቡ አነጋገሮች ዛሬ ብቻ ሳይሆን ያኔም የሚያሳፍሩ ነበሩ። አስር ሰዎች ደሴት ላይ የሚያልቁበትና በዓለም ከሁሉ በላይ የተሸጠው መጽሐፏ በ1939 የወጣበት ርዕስ ጥቁሮችን የሚያዋርድ ስድብ ነበረበት። አሜሪካኖቹ በ1940 ርዕሱን ቀየሩት፤ እንግሊዝ ውስጥ ግን እስከ 1980ዎቹ ድረስ ቆየ። ይህን ዘመኑ ነው ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ዘመኑ አንድ ቢሆንም አሜሪካ በዓመቱ ያየችውን ለንደን አርባ ዓመት አላየችም።

ስለ ውርስ ከተነሳ የሽያጩ ቁጥር በጽሑፋችሁ ተነግሯልና አልደግመውም። አንድ ያልተነሳ ነገር ግን አለ። «ሐመር ፈረስ» ላይ የተጠቀመችበት መርዝ ታሊየም ነው። ታሊየም ብረት ሲሆን ሽታም ጣዕምም የሌለው ጨዉ በዚያ ዘመን በአይጥና በበረሮ ማጥፊያ ውስጥ ይገባ ነበር። ለሐኪም የሚያስቸግረው አመጣጡ ነው። መጀመሪያ ሆድ ይታመማል፣ ቀጥሎ እግር ያቃጥላል፣ ነርቭ ይጎዳል፤ በየደረጃው ሌላ በሽታ ይመስላል። ዋናው ምልክት፣ የጸጉር መነቃቀል፣ የሚመጣው ሁለት ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ነው። በ1977 ከኳታር ወደ ለንደን የመጣች፣ ሁለት ዓመት ያልሞላት ሕፃን ሐኪሞቹ ሁሉ ግራ ተጋብተውባት ሳለ፣ አንዲት ነርስ በዚያው ሰሞን መጽሐፉን ታነብ ነበርና የልጅቷ ጸጉር መሳሳት ሲጀምር ታሊየም ቢሆንስ አለች። ምርመራው አረጋገጠ፤ ምንጩ ቤት ውስጥ ተባይ ለመግደያ የተቀመጠ መርዝ ሆነ፤ ልጅቷም ታክማ ተሻላት። ጉዳዩ በአንድ የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል። ልብ ወለድ ጸሐፊ ምልክቶቹን በሳምንት በሳምንታቸው አስተካክሎ ባይጽፍ ኖሮ ነርሷ የምትጠረጥረው ነገር ባልኖረ።

መርዛ መርዙን አበዛሁት፤ ሌላውን ላፍጥነው። በ1928 ብቻዋን በኦሪየንት ኤክስፕረስ ወደ ባግዳድ ተጓዘች፤ በ1930 ኡር በተባለው የቁፋሮ ቦታ የአርኪዮሎጂ ባለሙያውን ማክስ ማሎዋንን አወቀች፣ በዚያው ዓመት ተጋቡ። ኢራቅ ውስጥ በኒምሩድ ቁፋሮ ከመሬት የወጡትን የዝሆን ጥርስ ቅርጾች በቀጭን የሹራብ መሥሪያ መርፌና በፊት ቅባት ታጸዳ ነበር። ቅባቱ ደረቁን ጥርስ ሳይሰነጥቅ ጭቃውን ከስንጥቁ ያላቅቃል፤ ይህም የመድኃኒት ቀማሚ እጅ ነው። በሁለተኛው ጦርነት ዘመን ለንደን ወደሚገኝ ሆስፒታል የመድኃኒት ክፍል ተመልሳ ሠራች። የፖይሮንና የሌላዋን መርማሪዋን የሚስ ማርፕልን የመጨረሻ መጽሐፎች የጻፈችው ያኔ ነው፤ ምናልባት ብሞት ብላ ካዝና ውስጥ አስቆለፈቻቸው። የፖይሮው በ1975 ሲወጣ ኒው ዮርክ ታይምስ በፊት ገጹ የፖይሮን ዜና ዕረፍት አተመ። እሷ ጃንዋሪ 12 ቀን 1976 ሞተች።

የገንዘቡን ነገር የማነሳው ጀማሪ ደራሲዎች ጋዜጣችሁን ስለሚያነቡ ነው። ከመጀመሪያው መጽሐፏ ያገኘችው 25 ፓውንድ ብቻ ነው፤ እሱም በጋዜጣ በተከታታይ ከወጣበት ድርሻዋ። ውሉ ከ2,000 ቅጂ በታች ምንም አይከፍልም ይል ነበር፤ በዚያ ላይ ለቀጣዮቹ አምስት መጽሐፎች ከዚያው አሳታሚ ጋር ያስራታል። በደስታ ፈረመች። ከዚያ እስር የወጣችው ወኪል ይዛ፣ መጽሐፎቹን ቆጥራ ጨርሳ ነው። የተማረችውም ከዚያ ነው። ኖቬምበር 25 ቀን 1952 ለንደን ውስጥ የተከፈተው «የአይጥ ወጥመድ» የተባለው ተውኔቷ የፊልም መብት ሲሸጥ፣ ተውኔቱ ከመድረክ ሳይወርድ ፊልም እንዳይሠራበት የሚል አንቀጽ ውሉ ውስጥ ገባ። ተውኔቱ በወረርሽኙ ጊዜ በ2020 ተቋርጦ በ2021 እንደገና ከመጀመሩ በቀር ለንደን ውስጥ ሳይወርድ ቆይቷል። የፊልም መብቱን የገዙት ሰዎች አልፈው ውሉ አለ።

በመጨረሻ፣ ጽሑፋችሁን አንብቦ መጽሐፎቿን ልጀምር ለሚል አንባቢ ቅደም ተከተል ብትጨምሩለት መልካም ነበር። እኔ ብጠየቅ «አምስት ትናንሽ አሳማዎች» ከተባለው የ1942 መጽሐፍ ጀምሩ እላለሁ፤ ከአስራ ስድስት ዓመት በፊት የሆነ ግድያ በአምስት ሰዎች ትዝታ ብቻ የሚፈታበት ነው፤ የሰውም የፍንጭም ጥበቧ እኩል የተመዘነበት እሱ ነው። ቀጥሎ የስታይልሱ። «የሮጀር አክሮይድ ግድያ»ን ግን አትቸኩሉበት። የመጽሐፉ ብልሃት የሚሠራው አንባቢው የፖይሮን ታሪኮች አተራረክ ከለመደ በኋላ ነው፤ ቢያንስ ሁለት ካነበባችሁ በኋላ ያዙት። የ1937ቱን «ዲዳው ምስክር» ደግሞ ወደ ኋላ አቆዩት። በመሐሉ ፖይሮ ያለፉ ጉዳዮቹን ሲያነሳ የስታይልሱን፣ የአክሮይድን፣ የአውሮፕላኑንና የሰማያዊውን ባቡር ገዳዮች ስም በስም ይጠራቸዋል። አራቱን ሳያነብ እሱን የከፈተ ሰው አራት መጽሐፍ በአንድ ገጽ ይበላሽበታል። የፖይሮ የመጨረሻ መጽሐፍ የሆነው «መጋረጃ» የሁሉም መጨረሻ ይሁን። በ1972 እና በ1973 የወጡትን አዳዲስ ልብ ወለዶች ካልቸገራችሁ ተዉአቸው።

ከአክብሮት ጋር፤
መድኃኒት ቀማሚ አንባቢያችሁ